ከእብናት በታች ያለው አሸዋ

ጥር 16

ሽሮ አስፈጨሁ። ወረፋው ረጅም ነበር። ስመለስ እንደ ልማዱ እግሬን ሞተሩ መታኝ... ሳሎኑ መሀል የቆመው የሙላቴ ሞተር። ባሌ ከሞተ ሚያዝያ ላይ ዓመት ይሞላዋል፣ ሞተሩ ግን አሁንም በቤቴ ጌታ ነው። ነጠላ አልብሼዋለሁ። አቧራ እንዳይነካው ሳይሆን እንዳላየው።

ቁመቱ ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን፣ ጎማው ጥርሳም። ለኮረኮንችና ለአሸዋ የተሠራ ነው ይላሉ። ሙላቴ ከብት ሊከትብ ቆላ ሲወርድበት ኖረ። እኔ ደግሞ ደጅ ደጁን ሳይ።

ጥር 18

ፈንታሁን ከቆላ መጣ። የሙላቴ ታላቅ ወንድም። ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ። ሞተሩን ፈልጎ።

"የወንድ ዕቃ ነው። ለወንድሙ ይገባል" አለ።

"ይነዱታል?" አልኩት።

"ምን ልነዳው? ቤቴ ይቆማል።"

ልሰጠው አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ያደርግልኛል? ከዚያ "ሴት በሞተር ምን ትሠራለች፣ ዶሮ ካላሰፈረችበት" ብሎ ሳቀ። "አልሰጥም" አልኩ።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አያ ደሞዜ ናቸው። በሟች በቅሎ ክርክር ሲነሳ የእኛ ሽማግሌ የሚለው የታወቀ ነው፤ ለሚቀመጥባት ትሰጥ። "ይኸም በቅሎ ነው" አሉ። "የሙት ዓመቱ ተዝካር የሚወጣው እኛ ዘንድ ነው። ከእብናት ቁልቁል ብቻዋን ነድታ እደጃችን ካደረሰችው የእሷ። ካላደረሰችው የፈንታሁን።"

ሦስቱም ሳቁ።

"ይሁን" አልኩ። ለምን እንዳልኩ... እንጃ።

ጥር 19

ለልጄ ለትሕትና ደወልኩ። ሐሙሲት ታስተምራለች።

"እማዬ፣ ስጫቸውና ተገላገይ። ስድሳ ዓመትሽ እኮ ነው!"

"አባትሽ በስንት ዓመቱ ነበር የሚነዳው?"

"አባዬ ሌላ ነው።"

አዎ። ሌላ ነበር።

ጥር 27

ሞተር ጠጋኙ ይሻው መጣ። ካንዴላ ለወጠ፣ ጎማ ነፋ፣ ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ወሰደኝ። ከቀሚሴ ሥር የትሕትናን አሮጌ ሱሪ አጥልቄ።

"እትዬ ጥሩ፣ በቅሎ ያውቃሉ?"

"ጉና ላይ አድጌ በቅሎ ላላውቅ?"

"እንግዲያው ይርሱት" አለ።

ወዲያው ገባኝ። ሲፈጥንብኝ ፈራሁ፤ ስፈራ እጄ የለመደውን አደረገ፤ ልጓም እንደሚስብ ሰው መሪውን ወደ እኔ ሳብኩት። በቅሎ ብትሆን ትቆም ነበር። ይሄ ግን እጀታው ሲሳብ ነዳጅ ይሰጠዋል፣ ይብሳል። የሰው ገለባ ክምር ውስጥ ገባሁ።

"አይሳቡት እትዬ! ይልቀቁት!" ይላል ይሻው ከኋላ እየሮጠ።

የክምሩ ባለቤት ወጣች። "በጊዮርጊስ! እትዬ ጥሩወርቅ፣ ሊመንኑ ነው ስንል ሊበሩ ኖሯል?"

የካቲት 9

ወደቅሁ።

የካቲት 24

ዛሬም። ያው እጄ፣ ያው መሳብ። ጉልበቴ አብጧል።

ሰፈሩ ሻምበል የሚል ስም አውጥቶልኛል። እድር ላይ አንዷ "ሻምበል፣ ወዴት ዘመቱ?" አለችኝ። "አንቺን የሚያገባ ፍለጋ" አልኳት። ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። ከፋሁ መሰለኝ። ልክፋ።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ያን ጊዜም ሙላቴ "ዓይንሽን ታደክሚያለሽ" ብሎ ነበር። ዓይኔን ጭስ ሲጨርሰው ምንም ያላለ ሰው።

መጋቢት 11

ርብ ወንዝ ወረድን። ውሃው ሸሽቶ አሸዋው ሰፊ ነው። ይሻው ጎማውን አስተነፈሰው።

"አሸዋ ላይ ላላ ያለ ጎማ ነው የማይሰምጥ። የፊት ፍሬን እንዳይነኩ። ቆመው ይንዱ፣ ሩቅ ይዩ። ጎማውን ያየ ይወድቃል።"

"ቆሜ?"

"እንደ ቅዳሴ።"

"ቅዳሴስ መቋሚያ አለው" አልኩት። ሳቀ።

ተሻገርኩ። ተመለስኩ። ደግሞ ተሻገርኩ... ሞተሩ ከሥሬ እንደሚዋኝ ነገር ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ካልተጨነቁበት ግን መንገዱን ራሱ ያገኛል። ሙላቴ እንዲህ ኖሯል እንዴ የሚሄደው? አንድ ቀን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁት ይሆናል።

ሚያዝያ 24

እብናት ገባን። አስፋልቱን ይሻው ነዳ፣ እኔ ከኋላ። ይፋግ ላይ ሻይ ጠጣን። ነገ ከዚህ በታች ብቻዬን ነኝ። ትሕትና በመኪና ቀድማ ወርዳለች። አኩርፋለች፣ ግን ወርዳለች።

ሚያዝያ 26

የትናንቱን ልጻፍ።

ኮረኮንቹ አልከበደኝም። ነጭ ድንጋይ፣ ግራር፣ ጥላ የሚባል የለም። ነፋሱ ራሱ ትኩስ ነው። ከነፈንታሁን ደጅ በታች ደረቅ ወንዝ አለ። ማዶ ዳሱ ይታያል፣ ሰው ዳር ዳሩን ተደርድሯል። ቆምኩ፤ ጎማዬን አስተነፈስኩ፤ ገባሁ።

ሩቅ ማየቱን ትቼ የፈንታሁንን ፊት አየሁ። መሀል አሸዋ ላይ ተዘረርኩ።

"አበቃ!" ሲል ሰማሁት። "ወደቀች! አንሱላት!"

ጎረምሶች ሮጡ። ሌላ ሰው ከነካው ብቻዬን አላደረስኩትም ማለት ነው። "እንዳትነኩት!" ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማል? ትሕትና ጫማዋን ጥላ መጣች። እጇን ዘርግታ ፊታቸው ተገተረች። "አትንኩት አለች አይደል? መስማት አትችሉም?"

ይሻው ስለ ማንሳት ያስተማረኝ ነገር የለም፤ ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚያነሳው። እንስራ እንደማነሳ ጀርባዬን ሰጠሁት፣ በእጆቼ ወደ ኋላ ያዝኩት፣ በእግሬ ተነሳሁ። ዕድሜ ልኬን ውሃ የተሸከምኩበት ወገብ ነው። ተነሳ። ማስነሻውን ረገጥኩ፣ ዝም አለ። ደግሜ ረገጥኩ... ጮኸ። ቆሜ ወጣሁ፣ እደጁ ድረስ።

"ወድቃለች። አይቆጠርላትም" አለ ፈንታሁን።

አያ ደሞዜ ዞሩ። "አንተስ ከአባትህ በቅሎ ወድቀህ አታውቅም?"

"ወድቄያለሁ።"

"ታዲያ በቅሎዋን ለማን ሰጠናት?"

ለእሱ ነበር የሰጧት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ፈንታሁን አልሳቀም።

ሙሾው ሲጀመር እንደ ቆላው ደንብ የሟች በቅሎ በዳሱ ዙሪያ ትመራለች። በቅሎ የለም፣ ሞተሩን አዞርነው። ፈንታሁን መሪውን ያዘ፣ እኔ ከኋላ ገፋሁ። አለቀሰ። የእውነቱን። ወንድሙን ፈልጎ ኖሯል ቤቱ ሊያቆመው... እኔ አላለቀስኩም። ከባድ ነበር፣ ሁለታችንንም አላበን።

ሰኔ 3

ዝናቡ ገብቷል። የመንጃ ፈቃዱን ፈተና አለፍኩ። ጥያቄውን ማንም አላነበበልኝም።

ጠዋት አባርቶ ሞተሬን አስነሳሁና ወደ ጉና ወጣሁ። ጉዳይ አልነበረኝም። ገበያ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ የታመመ የለ። በዕድሜዬ ያለ ጉዳይ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ገብስ የሚዘሩ ሰዎች ቀና ብለው አዩኝ፣ ጎንበስ አሉ።

ብርዱ ሲጠና ቆሜ ድንች በላሁ። ቤት የሚጠብቀኝ ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝ። አልከፋኝም።

ደመናው ከታች እየመጣ ነበር፣ መመለስ ነበረብኝ። ትንሽ ወደ ላይ ቀጠልኩ።