ዘንድሮ ያላቋረጥኩት ጾም

ሞጣ፣ ዓርብ መጋቢት 4 ቀን 2018

ዛሬ ረመዳን ሃያ አራት ሆነ፤ አንድ ቀን እንኳ አላቋረጥኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ የወር አበባዬ በየረመዳኑ እየመጣ አምስት ስድስት ቀን ጾሜን ያስቋርጠኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ሦስት ወር ሙሉ ድምፁን አጥፍቷል። አርባ አንድ ዓመቴ ነው።

ጠዋት ቢቸና ላለችው ነርስ እህቴ ደወልኩ። «ማረጥ ሲቃረብ እንዲህ ይዛባል። ግን መጀመሪያ እርግዝና አለመሆኑን ተመርመሪ፤ በራስሽ አትፍረጂ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ወዲያ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ፣ በር ላይ የሰቀልኳቸውን ሻሾች ነፋስ ሲያንሳፍፋቸው እያየሁ ቀረሁ። አንዴ ሕፃን ታቅፌ ይታየኛል፤ አንዴ ደግሞ ፀጉሬ ሙሉ በሙሉ ሸብቶ። ደንበኛ ሲጠራኝ ከሩቅ አገር የምመለስ ይመስለኝ ነበር።

ከሰዓት ቤት ስገባ ልጄ ሀያት ጓዳ ናት። የእሷ ትናንት መጥቷል። አምና ለሁለታችንም በአንድ ሰሞን መጥቶብን፣ አባቷና ወንድሞቿ እንዳያዩን የጓዳውን በር ዘግተን፣ ዳቦ በሻይ እየበላን ሳቃችንን በነጠላ ስናፍን ነበር።

ዛሬም ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀድታለች።

«እማ፣ ነይ እንጂ፤ ሳይቀዘቅዝ።»

«እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ ልጄ።»

ብርጭቆውን አየች፤ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «ዛሬም? ዘንድሮ ብቻዬን ነኛ!»

በሩን ዘግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ በልታ እስክትጨርስ የእኔ ብርጭቆ እንፋሎት እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ።