አንዴ ብቻ ለሚጠይቁት ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የውጭ አገር ተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ኃላፊ፣
ባሉበት፤ ማለትም እኔ ከተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት፣ ከመስታወቱ በር ጀርባ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ጸሐፊዎም፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲያጓራ የምሰማው ፕሪንተርዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም የሆዴ ስፌት አልፎ አልፎ ከሚወጋኝ በቀር፣ ጠያቂ አይጥፋ እንጂ፣ ደህና ነኝ።

እንደሚያውቁት ነገ ጠዋት በእርስዎ ሰብሳቢነት የሚቀመጠው ኮሚቴ፣ በመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ክፍል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆንኩት እኔ ልባረር ወይስ የወደቅሁትን ፈተና ደግሜ ልፈተን በሚለው ላይ ይወስናል። ከተባረርኩ የክፍሌን ቁልፍ አስረክባለሁ፣ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ይሰረዛል፣ ከዚያ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደ መጣሁበት መመለሴ ነው። በፋይሌ ላይ ግን «ተማሪዋ ኮሚቴው ፊት ቀርባ መናገር አልፈለገችም» ተብሎ ተጽፏል። እፈልጋለሁ የሚል አንድ መስመር ማመልከቻ በእርስዎ ቋንቋ ጽፌ ዛሬ ጠዋት ለጸሐፊዎ ብሰጥ፣ እሳቸው በትሕትና «ፋይሉኮ ተዘግቷል» አሉኝ። አንዷ መስመር ስላልበቃች ረጅሙን እዚሁ ወንበር ላይ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ በቋንቋዬ እየጻፍኩት ነው፤ ስጨርስ ከበርዎ አጠገብ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ቅሬታዬንም ቢሮዎ እንደሚወደው በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፦ እዚህ በደረስኩ ሰሞን ኮሪደሩ ላይ አግኝተውኝ «እንዴት ነሽ?» ስላሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ሞኟ ጥያቄ መስሎኝ መልስ ጀመርኩ። እርስዎ ሳይቆሙ እየሄዱ ነበር፤ የተጀመረ ሰላምታ መሀል ላይ ማቋረጥ ደግሞ ነውር ሆኖ ስለታየኝ፣ ስለ ጉዞዬም ስለ ጤናዬም እየተናገርኩ እስከ ሊፍቱ ድረስ ተከተልኩዎ። በሩ የተዘጋብኝ «እናቴም ደህና ናት» ስል ነው። ውስጥ የነበሩት ሰዎች ያዩኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ይህን የማነሳው ለቂም አይደለም፤ እዚህ ቤት ጥያቄ ሁሉ መልስ እንደማይጠብቅ ያን ዕለት ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቀመጥም ነበር ለማለት ያህል ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ብርድ ልብሱ። ክፍሌን ባስረከቡኝ ዕለት መስኮቱ ንፋስ እንደሚያስገባ በዓይንዎ አይተው፣ «ተጨማሪ ብርድ ልብስ ትፈልጊያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ብርድ ልብሱ ታጥፎ በክንድዎ ላይ ነበር! እኔም እንዳደግሁት «አይ፣ ይበቃኛል፣ አይቸገሩ» አልኩ። እርስዎም አልተቸገሩም። ይዘውት ወጡ።

እዚህ ላይ ስለ አስተዳደጌ ጥቂት ባስረዳ ጊዜዎን አልሻማም ብዬ አምናለሁ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤታችን ሰው አያጣም። «ሰው ሲሰጥሽ ዘለሽ አትቀበይ፣ ስግብግብ ይሉሻል» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እኛ ቤት የመጣ እንግዳ ብላ ሲባል «ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። እናቴ «እንዴት ተደርጎ!» ትላለች። እንግዳው «እውነቴን ነው» ይላል። እናቴ «በሞቴ! ስሞትልህ!» ትላለች። ከዚያ ያ አሁን በልቶ የመጣ ሰው ከባለቤቶቹ በላይ ይበላል፣ ማንም አይገርመውም። የመጀመሪያው «አይ» ለክብር ነው፣ ሁለተኛው ለወግ ነው፣ ሰው እውነቱን የሚናገረው ከሦስተኛው በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ይሉኝታ እንለዋለን፣ ክቡር ሆይ፤ በመግቢያ ፈተናችሁ ላይ ቢኖር አንደኛ እወጣበት ነበር።

የብርዱን ወራት እናቴ የሰፋችልኝን ካፖርት ለብሼ ተኛሁ። በመኝታ ሕንፃችን «አምባሳደሯ» የምንላት፣ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ የመጣች ያገሬ ልጅ አለች፤ በካፖርት ተኝቼ ስታገኘኝ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችብኝ። «አንቺ ሞኝ! እዚህኮ አንዴ ነው የሚጠየቀው። ከፈለግሽ አዎ፣ ካልፈለግሽ አይ፣ በቃ! ሌላ ድራማ የለም» አለችኝ። ገባኝ አልኳት። እውነትም ገብቶኝ ነበር፤ ግን ጭንቅላት የገባውን ምላስ እስኪሰማ ድረስ ስንት ነገር ያመልጣል።

ሦስተኛውን፣ ስለ መታጠቢያ ቤቱ ውኃ የሚያወራውን፣ ትቼዋለሁ። ጸሐፊዎ ሰዓታቸውን ማየት አብዝተዋል፤ እኔም መፍጠን አለብኝ።

አራተኛ፦ በፈተናው ሰሞን ትርፍ አንጀቴ አሞኝ ቀዶ ሕክምና በተደረገልኝ ጊዜ፣ ሥራዎን ጥለው ሆስፒታል ድረስ መጥተው ስለጠየቁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይህን ስል አላሾፍም፤ ወይም ብዙም አላሾፍም። በዚህ ከተማ አልጋዬ አጠገብ የቆመ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነበሩ። ካፖርትዎን ሳያወልቁ ከግርጌዬ ቆመው «ፈተናውን እናራዝምልሽ?» አሉኝ። ልቤ እንዴት ዘለለ መሰለዎ! አንገቴን ቀና ማድረግ አልችልም፣ ከንፈሬ ደርቋል፣ የፈተናውን ቀን ሳስብ ያልበኛል። አፌ ግን «አይ፣ ግድ የለም፣ በኔ የተነሳ አይቸገሩ፣ እየተሻለኝ ነው» አለ።

እርስዎም «ጎበዝ!» አሉኝና ስልክዎ ላይ የሆነ ነገር ጽፈው ወጡ። በሩን እያየሁ ቆየሁ። ይመለሳሉ ብዬ ነው። ተመልሰው «እንዴ! ምን ማለትሽ ነው? ተኚ እንጂ!» ይሉኛል ብዬ። የመጣችው ግን ሙቀት የምትለካው ነርስ ናት።

ለፈተናው ስፌቴን በጨርቅ አስሬ ተቀመጥኩ። መሀል ላይ ጥያቄዎቹ ተደበላለቁብኝ፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝኩት። ፈታኙ ጎንበስ ብለው «ደህና ነሽ?» አሉኝ። ደህና ነኝ አልኳቸው፣ ምን እላለሁ ሌላ! ጥቂት ቆይቼ ከነወንበሬ ወደቅሁ። በቤተ ሙከራ ሥራ ከክፍሌ የሚቀድመኝ እንደሌለ መምህራኖቼን መጠየቅ ይችላሉ፤ ፈተናውን ግን ግማሹን ባዶ ትቼ ወጣሁና ወደቅሁ። በደንባችሁ መሠረት በዚያ ትምህርት የወደቀ፣ ኮሚቴው ካልማረው በቀር፣ ይባረራል። አቤት ባልኩ ጊዜ ከቢሮዎ የደረሰኝ መልስም እጅግ ጨዋ ነበር፦ ማራዘሚያ ቀርቦልሽ አልቀበልም ብለሻል።

እውነት ነው፤ ብያለሁ። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ተራግሜ ይወጣልኝ ነበር። እርስዎ ግን ጠይቀዋል፣ እኔም መልሻለሁ፣ በሕግ ፊት ጥፋት የለብዎትም። ብርድ ልብሱን ይዘው የሚወጡ፣ ዓይኔ ብርድ ልብሱ ላይ ተተክሎ እያዩ የሚወጡ፣ ፍጹም ጥፋት የሌለብዎት ሰው ነዎት።

አምስተኛ፦ ይህኛው የራሴን ገመና ማውጣት ስለሆነ ባልጽፈው በወደድሁ። ባለፈው ሳምንት ጸሐፊዎ ደውለው፣ ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት ቀርቤ መናገር እፈልግ እንደሆነ ጠየቁኝ። ይህ ሁሉ ከደረሰብኝ በኋላ ማለት ነው! በካፖርት ከተኛሁ፣ ከወደቅሁ፣ አምባሳደሯ ከመከረችኝ በኋላ። ምን ብል ጥሩ ነው? «አይ፣ ትልልቅ ሰዎችን ምን አስቸግራለሁ፣ እነሱ የወሰኑት ይሁን» አልኳቸው። እሳቸውም አመስግነውኝ ዘጉ። ምላሴን በቆረጠው! ስልኩን እንደያዝኩ እንደገና እስኪጮህ ጠበቅሁ። አምባሳደሯ አጠገቤ ቆማ ሁሉን ሰምታ ነበር፤ ይህን ጊዜ አልሳቀችም። «አበድሽ እንዴ? ነፍስሽንም ሲጠይቁሽ አይቸገሩ ልትያቸው ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ዝምታ ለበግም አልበጃት ሲባል እየሰማሁ አድጌ እኔ ከበግ ባስኩ።

ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ትናንት እናቴ ደውላ ነበር። ስለ ቀዶ ሕክምናውም ስለ ኮሚቴውም የምታውቀው ነገር የለም፤ ደንበኞቿን ስትለካ «የኔ ልጅኮ መድኃኒት ቀማሚ ልትሆን ነው» ሳትል ሜትሩን አትጠቀልልም። «ድምፅሽ ምን ሆኗል? ደህና ነሽ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። «እውነት?» አለች። እውነት። «እስቲ እኔ ልሙት በይ?» አለች። እሷ ሦስቴ ጠየቀችኝ፤ እኔ ግን ሦስቴም ዋሸኋት። ከዚያ ብርድ ልብሱን አይ ካልኩባት ክፍሌ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። መላልሶ የሚጠይቀኝ ሰው ምንም ሊያደርግልኝ አይችልም፣ ሁሉን ሊያደርግልኝ የሚችለው ሰው ደግሞ አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም በሞቴ ሳይለኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ የሚከተለውን እላለሁ። ነገ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ መናገር እፈልጋለሁ። ፈተናውን ደግሜ መፈተን እፈልጋለሁ። መሄድ አልፈልግም። እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ስጽፍ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ፤ እናቴ ብታይ በሐፍረት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስብ ነበር። ግን ያው ተጽፈዋል፤ አልሰርዛቸውም። እርስዎም እባክዎ «እርግጠኛ ነሽ?» ብለው እንዳይደግሙብኝ፤ ይህን አንዴ ብቻ፣ እንደ ልማድዎ፣ አንዴ በተባለው ይያዙልኝ።

ጥያቄው የማይደገም፣ ፋይሉ የማያድር ቢሮዎ ከዚህ በላይ በሥራ እንዲበረታ እየተመኘሁ፣ ለብርድ ልብሱም፣ ለሆስፒታሉም፣ ለ«ጎበዝ»ም ያለኝን ምስጋና ደግሜ ደጋግሜ አቀርባለሁ።

በመዝገብ ቁጥሯ እንጂ በስሟ ጠርተዋት የማያውቋት፣
አሁን አንገትዎን ቀና ቢያደርጉ በመስታወቱ የምትታይዎ ተማሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በበርዎ ላይ «በሁሉም ቋንቋ እናገለግላለን» የሚል ተለጥፎ ስላነበብኩ፣ ይህን በራሴ ቋንቋ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ተርጓሚ ካጡ እኔው ገብቼ አንድም ቃል ሳላስቀር እየተረጎምኩ ላነብልዎ ዝግጁ ነኝ። ይፈልጋሉ? ቢሮው እስኪዘጋ ድረስ ከዚህ ወንበር አልነሳም፤ እስከዚያ መልስ ካልሰጡኝ ግን «ኃላፊው እንዲነበብላቸው ተጠይቀው አልፈለጉም» ብዬ ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ፋይልዎን እዘጋለሁ።