ሦስት ጊዜ ስለተሳካለት ባለቤቴ

ቅዳሜ፣ የካቲት 14 ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ደምኖ ነበር፤ ግን አልዘነበም። በአዳራሹ የተገኙት እርስዎ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ «ላይኞች» የሚባሉት አሥራ አንድ አባላት፣ «ታችኞች» የሚባሉት ዘጠኝ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ባለቤቴ፣ እንዲሁም መወልወያዬን በሩ ሥር አቁሜ እኔ።

ለተከበሩ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ኮምፒውተሮችዎም በያላችሁበት ደህና እንድትሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ አዳራሽዎን ስድስት ዓመት ያጸዳሁት ሴት ነኝ። ስሜን ጠይቀውኝ ስለማያውቁ በዚህ ቢለዩኝ ብዬ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። የባለቤቴ ሕመም መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ንግግሩን ወሰደበት። ድምፁ ጨርሶ ሳይጠፋ አራት ቃል ቀዳሁለት፦ «ነይ»፣ «ውሃ»፣ «አመመኝ» እና «ተዪኝ»። አባሎችዎ አትመው ቅርጫት ውስጥ የሚጥሉትን ወረቀት፣ ግማሹ ተቀዶ ግማሹ ሻይ ፈሶበት፣ እየለቀምኩ ሊኑክስ የምትሉትን የኮምፒውተር ሥርዓት በሁለት ዓመት ተማርኩ። አንድ ሱቅ የጣለውን በጣት የሚነካ ስክሪን አግኝቼም አራቱን ቃላት በአራቱ ማዕዘን አስቀመጥኩለት። ዓይኑ ስለደከመ የሚያውቃቸው በቦታቸው ነው። ከላይ በግራ በኩል «ነይ» ነበር፤ ሲነካው የራሱ ድምፅ ይጠራኛል፣ እኔም የያዝኩትን ጥዬ እመጣለሁ። እውነቱን ለመናገር አብዝቶ የሚነካው «ተዪኝ»ን ነበር። ድሮ በአፉም ቢሆን የሚለው እሱኑ ነው።

አንደኛ፣ ባለቤቴን ለውድድራችሁ ስለመረጣችሁት አመሰግናለሁ። በስክሪኑ ላይ ምልክቶቹ የሚደረደሩበት መስመር ከላይ ይሁን ከታች በሚለው ጉዳይ ላይኞችና ታችኞች ሰላምታ ካቋረጡ ዓመት እንዳለፋቸው፣ ወንበሮቻቸውን ለይተው ስለሚቀመጡ ሳጸዳ አያለሁ። የማን እንደሚቀል ለመቁረጥ፣ መጠቀም በእውነት የሚያቅተው ሰው ያስፈልጋል ብለው እርስዎ ራስዎ ሲጠይቁኝ፣ ደስ ብሎኝ እሺ ማለቴን አልክድም። የሠራሁትን የሚያይልኝ ሰው ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ማንም ሳይለምናችሁ ስክሪኑን ስላስተካከላችሁልኝ አመሰግናለሁ። ታችኞች አራቱን ቃላት ወደ ታች አውርደው በፊደል ተራ ደረደሯቸው። ባለቤቴ ከላይ በግራ ነካ፤ ምንም። ደግሞ ነካ፤ አሁንም ምንም። ከላይኞች አንዱ «ወንድሜ፣ የእናንተ ነገር እንኳን ለእሳቸው ለደህና ሰውም አልሆነ!» ብሎ ሲጮህ፣ ከታችኞች አንዱ ባለ ኮፍያ «ዝም በል አንተ፣ ገና እየለመዱ ነው እኮ» አለው። ሁለቱም «አንቱ» ማለታቸውን ወድጄላቸዋለሁ። ጨዋ ልጆች ናቸው።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ድሉ ነው። ላይኞች ያንኑ ድርድር እንዳለ ወደ ላይ ሰቀሉት። በፊደል ተራ «ተዪኝ» ስለሚቀድም፣ «ነይ» በነበረበት ማዕዘን እሱ ተቀመጠ። ባለቤቴ ሃያ ሰው ከፊቱ ቆሞ ሲጨቃጨቅ ጨንቆት ነበርና ያንኑ ማዕዘን ነካው። ድምፁ «ተዪኝ» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ደግሞ ነካው፤ «ተዪኝ»። ሦስተኛም ነካው። ጸሐፊው «ተጠቃሚው ሦስት ጊዜ ተሳክቶለታል» ብለው በቃለ ጉባኤው አሰፈሩ። ሦስት ጊዜ ሲጠራኝ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። በሰው መሃል ተጋፍቼ እስክደርስለት ጣቱን ሰብስቦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ታችኞች ተጠቃሚው አስቀድሞ ደክሞት ስለነበር ውጤቱ ይሰረዝ ብለው ተነሱ፤ ላይኞችም አፋቸውን ከፈቱ። ወንበሩን እየገፋሁ ስወጣ መንገድ ለቀቁልኝ፤ አንገቱን ያዞረ ግን አልነበረም።

ቤት እንደገባን «ቦታውን ቀይረውት ነው እንጂ አንተ አልተሳሳትክም» አልኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ በዚያችው በምትታዘዘው አንድ ጣቱ ግንባሩን ነካና ራሱን ነቀነቀ። እግሩ ሄደ፣ ድምፁ ሄደ፣ አሁን ደግሞ አእምሮዬ ሄደ ብሎ አምኗል። እኔ የምለውን ማጽናኛ አድርጎ ነው የሚቆጥረው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ቤታችን መጥተው ቦታውን የቀየራችሁት እናንተ እንደሆናችሁ እንዲነግሩልኝ ነው። እኔን ስለምወደው አያምነኝም፤ እርስዎ ይህ ጉድለት ስለሌለብዎ ያምንዎታል። ሁለተኛው፣ ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ነው፦ «ተጠቃሚው ሚስቱን ሦስት ጊዜ ጠራ፤ አልደረሰችለትም» ተብሎ ይጻፍልኝ።

ከላይም ከታችም ወገን ሳልሆን፣ የሁለቱንም ወንበር ሥር እኩል የማጸዳ፣ ለማኅበርዎ ረጅም ዕድሜንና ብዙ ድልን የምመኝ፣

የተጠቃሚው ሚስት

ከፊርማዬ በኋላ አንድ ነገር ልጨምር፦ ስለ ማሽኑ አያስቡ። እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቼ አራቱን ቃላት ወደየማዕዘናቸው መለስኳቸው። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ሃያ ባለሙያ ያልተስማማበት ቀላልነት ለአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ይህን ያህል ነው። ስክሪኑን በጨርቅ ወልውዬ አቀረብኩለት። እጁን ይዤ ላደርስለት ስል ወደ ብርድ ልብሱ ውስጥ መለሰው። ፊቱን አጠብኩት፤ ጺሙን ላጨሁት። ወደ መስኮቱ ዞረ። ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፈነ። መልሼ ዘጋሁት። የትኛውን እንደፈለገ አላወቅሁም።