ጨረቃ የሚቆርጠው ማሽን

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣ ወልቂጤ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። አንቺ፣ ባለቤትሽና ልጆቹ እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቡታጅራም እንደተውሻት ናት፤ ባጃጁ ይጮሃል፣ መብራቱ ይጠፋል። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ አባዬ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው። የደከመው እጁ እንጂ ጆሮው አይደለም።

ነገሩ የጀመረውም ከእጁ ነው። ያለ እርሳስ ምልክት፣ በዓይኑ ብቻ ለክቶ ላሜራ ላይ አበባ የሚያወጣው ያ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጾም ነው አልን፣ ቀጥሎ ብርድ ነው አልን። ከጥያ መጥታ የግቢ በር ያሠራችው ወይዘሮ ብርቄ፣ አበባው እንደ ጠወለገ የእንሰት ቅጠል ተኮማትሮ እያየች፣ እጅዎን ይባርከው ብላው ሄደች። በኋላ ለሥራ በዚያ ሳልፍ አበባውን በሌላ ላሜራ አስሸፍናው አየሁ። ለአባዬ አልነገርኩትም።

ሐኪም ቤት ወሰድኩትና መድኃኒት ሰጡት። ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም አሉ፤ አንዳንዴ በዘር እንደሚመጣም ነገሩኝ። አያታችን ሻይ በሁለት እጁ ይጠጣ የነበረው ትዝ ይልሻል? እኛ ልማድ መስሎን ነበር።

ማሽኑን የሠራሁት ያኔ ነው። ከቁርጥራጭ የብረት ቧንቧና ከአሮጌ ባጃጅ ኩሽኔታ፣ ሁለት ክንድ አድርጌ። በአንደኛው ክንድ ጫፍ ሚስማር አለ። ወረቀት ላይ የተሣለውን በሚስማሩ ስትከተይው፣ ሌላኛው ክንድ የጋዝ እሳቱን ይዞ ያንኑ ሥዕል ላሜራው ላይ ይቆርጣል። ከባዱን እሳት ካልያዘ እጁ ይረጋል ብዬ ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ። አባዬ ቢስሚላህ ብሎ ተቀመጠ። ማሽኑ የእጁን መንቀጥቀጥ አንድም ሳያስቀር ብረቱ ላይ ጻፈው። ቅንድብ ላሳምር ብዬ ዓይን አጠፋሁ፣ እትዬ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። እኔ ብሎን የማጠብቅ መስዬ ጎንበስ አልኩ። እሱም ከዚያ ቀን ወዲህ ወርክሾፑን ረግጦት አያውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከጉብሬ ጨረቃ ያለበት የመስጊድ በር አዘዙንና ማሽኑ ላይ እኔው ተቀመጥኩ። የጨረቃዋ ጠርዝ መጋዝ መሰለ። ኩሽኔታውን ቀየርኩ፣ ግሪስ ቀባሁ፣ እግሩን በሲሚንቶ ተከልኩት። ያው ነው። አባዬ ብቅ አለና ጨረቃዋን አንሥቶ አገላበጣት። ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዪ! ድሮም ማሽንህ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም አለኝ። አሁን መንደሩን እየዞረ የልጄ ማሽን ጠማማ ነው ይላል። ደህና ይበላል፣ ይጫወታል፣ በኔም ይቀልዳል። እኔም አብሬው እስቃለሁ።

እሱ ለመግሪብ ሶላት እንደወጣ ባለቤቴ ፈቲሀ እስኪ ልሞክረው ብላ ተቀመጠች። ከእስክሪብቶና ከወጥ ማማሰያ ሌላ ይዛ የማታውቅ ሴት! ጨረቃዋ ጥርት ብላ ወጣች። ፈቲሀ አንዴ ጨረቃዋን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ ሁለት እጄን ያዘች። እኔም ማሽኑ ገና አሁን ተላመደ አልኳት።

ጨረቃዋን በጆንያ ጠቅልዬ ቆጥ ላይ ደብቄያታለሁ። አባዬ ካያት ደስታው ያልቃል፤ ደግሞም ሁለት ነገር ባንዴ ያውቃል። የመስጊዱ ሰዎች በራቸውን እየጠበቁ ነው። ደህናዋን ልስጣቸው ብል አባዬ ሳያያት አትወጣም፣ ጠማማዋን ልስጣቸው ብል አላህን እፈራለሁ። ምን እንደማደርግ ጨንቆኛል፤ ቀን ሙሉ ማሽኑን እየወለወልኩ እውላለሁ።

ለኢድ ስትመጪ ማሽኑ ጠማማ ነው ይልሻል፤ አዎ በይው። ዱዓሽ አይለየን። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ እጃቸውንም እጅሽንም ያጽናላችሁ።

ይህን ሁሉ እኔ እየነገርኳት የጻፈችው ፈቲሀ ናት። ከታች ያሉትን ሁለት ቃላት ግን እኔው ጽፌያቸዋለሁ፤ እንደምንም ብለሽ አንብቢያቸው።

ታናሽ ወንድምሽ