ሲጋራ እምቢ በማለቴ ሆስፒታል እንዳልመለስ

የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ቤተሰቤ ሲጋራ ማምጣቱን እንዲተው ነርሷ ቤት ድረስ መጥተው እንዲነግሩልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በክፍልዎ ተኝቼ ታክሜ ኅዳር ላይ ወጥቻለሁ። ስገባ ድምፅ እሰማ ነበር፤ ሲጋራም አጨስ ነበር። ስወጣ ሁለቱም ቀርተዋል። ስለ ሁለቱም አመሰግናለሁ።

1. በወጣሁበት ዕለት የክፍሉ ነርስ ሲስተር ማኅሌት ቤተሰቤን “የሚወደውን አትከልክሉት፣ አታስከፉት” ብለው መከሩ። ምክሩ መልካም ነበር። ቤተሰቤ ግን ምን እወድ እንደነበር አልረሳም።

2. ዘንዘልማ የሚኖሩት አጎቴ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን የሚያጨስ ሰው ካለበት አግዳሚ ላይ አይቀመጡም። እኔን ሊጠይቁ ሲመጡ ግን እንደ ሰው ብርቱካን አልያዙም፤ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ፓኮ ሲጋራ ፈትተው ትራሴ ሥር አኖሩ። ለጤነኛ ርኩስ፣ ለእኔ መድኃኒት ነው ብለው በይነዋል። መሪጌታ ካመጡ ማን ይቀራል? ጠያቂው ሁሉ ተከተላቸው። ከመራዊ የመጣችው አክስቴ ክብሪትም ጨምራለች።

3. አልፈልግም ስል እርስ በርስ ይተያያሉ። እናቴ፣ ያመመው ሰሞንም እንዲሁ እምቢ እምቢ ይል ነበር ትላለች። ደግሜ ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ድምፄ ከፍ ሲል በሩን ይዘጋሉ። ባለፈው እሑድ መሪጌታ ራሳቸው ለኩሰው፣ እያሳሉ፣ “እንካ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ሳብና ልባችን ይረፍ” አሉኝ። ተቀብዬ እጅ መታጠቢያው ውኃ ውስጥ ከተትሁት። በዚህ የተነሳ አገርሽቶበታል ተብሎ የፊታችን ሰኞ በባጃጅ ወደ እርስዎ ልመጣ ነው። ወንድሜ ኪሩቤል ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዷል።

ሲጋራው አያምረኝም አልልም። ሐይቁ ዳር ስቀመጥ ይልቁንም ያምረኛል። ነገር ግን ከጀመርሁ የምውጠው መድኃኒት ጉልበቱ እንደሚቀንስ፣ ድምፆቹም ሊመለሱ እንደሚችሉ ሐኪሙ ነግረውኛል። ቤተሰቦቼ ይህንን ከእኔ አፍ ሲሰሙት ግን በሽታው የሚናገር ይመስላቸዋል።

ስለዚህ ሲስተር ማኅሌት ከሰኞ በፊት ቤታችን መጥተው፣ መሪጌታ ባሉበት፣ ሲጋራ እንዳይሰጠኝ እንዲናገሩ በትሕትና እጠይቃለሁ። ነጭ ጋዋናቸውን ይልበሱ፤ ማብራሪያው አጭር ቢሆንም ጋዋኑ ይበቃል። ከእኔ በኋላ ለሚወጡትም ታማሚዎች ይኸው ነገር ከምክሩ ጋር ለቤተሰብ ይነገር።

መምጣት ካልተቻለ መስኮቱ ሥር ያለውን አልጋዬን ያቆዩልኝ። እዚያ ቢያንስ ሲጋራ የሚያጎርሰኝ የለም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አለበል ፍሬ ስብሐት
(ፊርማ)

አባሪ፦ እስከ ዛሬ የመጣልኝ ሲጋራ በሙሉ፣ በፌስታል። ከአንዱ ፓኮ አንዲት ፍሬ ጎድላለች፤ እሷን የለኮሷት መሪጌታ ናቸው።