ከእማማ ድንጋይ ላይ የፋቅኩት ሽበት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽስ ተሻለው? ልጆቹ አደጉ? ባልሽ ዛሬም በማንኮራፋቱ ጎረቤት ይቀሰቅሳል? እኛ አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም።

የእማማን መቃብር ፎቶ ላክልኝ ካልሽኝ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ስልኬ ተሰበረ፣ ዝናብ ነው እያልኩ የቆየሁት ምክንያት አለኝ። ያኔ ድንጋይዋን ሽበት ወርሶት ነበር፤ ያ ግራጫና ቢጫ ሆኖ ድንጋይና ዛፍ ላይ የሚለጠፈው። ለፎቶው ላጽዳው አልኩ። መቼም ቀለም ቀቢ ነኝ፤ እንደ ግድግዳ በደረቁ፣ በሽቦ ብሩሽ ግማሽ ቀን ፋቅኩት። ብናኙን ለበስኩት። ድንጋዩ ሲነጣ ኮራሁ።

ይኸው ሽበቱ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ፤ አጠገቧ ያሉትንም መቃብሮች ይዟል። ጎረቤታችን የሳይንስ አስተማሪው፣ ራስህ ዘርተህ ማንን ትከሳለህ ብሎ ሳቀብኝ። ነገሩ ፈንገስና አልጌ ተቃቅፈው የሚኖሩበት ነው አለኝ፤ አንዱ ቤት ይሆናል፣ ሌላው ከፀሐይ ምግብ ያበጃል። ለመባዛት የግድ ዘር አይፈልግም። ከላዩ የሚረግፈው ብናኝ ሁለቱንም ጠቅልሎ ይዟል፣ ሲደርቅ የሚሰበረው ፍርፋሪም እንዲሁ። ነፋስ ወይ ዝናብ ካደረሰው፣ ባረፈበት ቀስ ብሎ ሌላ ይሆናል። የነፋሱን ሥራ እኔ ሠራሁለት።

በዚህ ብቻ በቀረ። ድንጋዩ ለስላሳ ኖሮ ከሽበቱ ጋር ስሟንም ፍቄዋለሁ። ድንጋይ ጠራቢውን መልሰህ ቅረጽልኝ ብዬ ብለምነው፣ ዳግም ከነካሁት ይሰነጠቃል አለኝ። አባባ ደግሞ ዓይናቸው ከጠፋ ጀምሮ በጣታቸው እንደሚያነቧት ታውቂያለሽ። በየእሁዱ ይዳስሱና፣ ይቺ የሷ አይደለችም፣ ወደሷ ውሰደኝ ይሉኛል። እሺ ብዬ አንድ ዙር አዙሬ እዚያው አመጣቸዋለሁ። ደክሟቸው እዚያው ይቀመጣሉ።

ባለፈው እሁድ ሽበቱን ሲዳስሱ ቆዩና፣ ይቺ ምስኪን ሰው የላትም መሰለኝ፣ ድንጋይዋን እንኳ የሚያይላት ጠፋ አሉ። በሚቀጥለው ብሩሽህን ያዝና አጽዳላት፣ ለነፍስህ ይሆንሃል አሉኝ። እሁድ ነገ ነው። ብሩሹን አልጋ ሥር ደብቄዋለሁ። ታላቄ አንቺ ነሽ፣ እስቲ ምን ልበላቸው?

አባባ ጉልበትሽን እንዳታደክሚ ብለውሻል። ባለቤቴ ትስምሻለች። ባልሽንና ልጆቹን በየስማቸው ሳሚልኝ።

ወንድምሽ፣
ከዚያው ከቤታችን፣ አንቺ ከነበርሽበት ክፍል
ቅዳሜ፣ ሰኔ 14 ቀን