ሁለት ሜትር ልክ

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ከጉሎ አምባ መንደር በላይ ያለው መሬት ተሰንጥቋል። ርዝመቱ መቶ አሥራ አራት እርምጃ። ስፋቱ ጣት ያስገባል።

ልኬቱን ያመጣችው ሐረገወይን ናት፣ የሰባተኛ ክፍሏ። ዓርብ ለሁሉም የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር... ከሰፈራችሁ አንድ ነገር ለክታችሁ ኑ። ኢዮብ የአጎቱን የቀን እንቅልፍ ለክቶ መጣ። «አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ፣ የሦስት ቀን አማካይ ነው ቲቸር። እሑድ ዕለት ዝንብ ስለቀሰቀሰው ትንሽ ስህተት ይኖረዋል።» ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ቀጥላ ሐረገወይን ተነስታ ከደብተሯ አነበበች።

«መቼ ጀመረ?»

«እንጃ። የፍየላችን እግር ሲገባበት ነው ያየነው።»

በክረምቱ የተማሪዎች የሳይንስ ካምፕ ሳስተምር ሦስተኛ ክረምቴ ነው። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ያው ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ 34 ዲግሪ። በሰሌዳው ጥግ የካምፑን ደንብ እንደ ወትሮው ጻፍኩ፦ ከመለኪያው ያነበባችሁትን ጻፉ፣ የፈለጋችሁትን አይደለም።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ዘጠኝ ልጆች ይዤ ጉሎ አምባ ወጣሁ። በሦስት ባጃጅ እስከ ኮረኮንቹ መጨረሻ፣ ከዚያ አርባ ደቂቃ በእግር። ስንጥቁ እንዳለችው ነው። ከሥሩ አሥራ አንድ ቤት።

አራት ጥንድ ችካል ተከልን። አንዱ ከስንጥቁ በላይ፣ አንዱ በታች። ከሩቅ እንዲታዩ ቀይ ቀለም ቀባናቸው፣ ቁጥር ሰጠናቸው። የሁሉም ርቀት ሁለት ሜትር ልክ። ልጆቹ ለማስላት እንዲቀላቸው ብዬ። መሬቱ ከተንሸራተተ ርቀቱ ይጨምራል፣ ሌላ ነገር የለውም።

አንድ ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከማሾ ማሳው መሃል ሲያየን ቆየ። በመጨረሻ መጣ።

«ከመሬት አስተዳደር ናችሁ?»

ኢዮብ ቀደመኝ። «ከሰማይ አስተዳደር ነን ጋሼ፣ ዝናብ ልናከፋፍል።»

አልሳቀም። ሐረገወይን አንገቷን ደፍታ «አባቴ ነው» አለች። ጋሽ ወርቁ ይባላሉ። የካምፕ ትምህርት መሆኑን አስረዳኋቸው። ችካሉን እንጂ እኔን አያዩም ነበር።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ሐረገወይን በየማለዳው ለክታ ትወርዳለች። ሦስት ቁጥር ጥንድ 2.04 ሜትር። ሌሎቹ ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጨምረዋል።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ሦስት ቁጥር 2.11።

ለጋሽ ይልማ፣ ለካምፑ አስተባባሪ፣ ነገርኳቸው። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምረዋል።

«መረሬ አፈር አይደለም እንዴ? መረሬ ይሰነጠቃል።»

«መረሬ በበጋ ነው የሚሰነጠቀው፣ ጋሼ። በክረምት ይገጥማል እንጂ አይሰፋም።»

«ለወረዳ አደጋ መከላከል ደውይላቸው» አሉኝ።

የአደጋ መከላከል ባለሙያው ኪሩቤል ይባላል። ወጣት ነው፣ ይሰማል። «ሰኞ ጠዋት ኮሚቴ አለን። ድንኳንም ሰው ማውጣትም እዚያ ነው የሚወሰነው። መምህርት ሰብለ፣ ሐተታ አያስፈልገኝም፤ የሰኞውን ልኬት ላኪልኝ፣ በቃ።»

ሐረገወይን ከእናቷ ጋር ለሱባኤ ሄዳለች፣ እስከ ማክሰኞ። «አባቴ ይለካል፣ አሳይቼዋለሁ» ብላኝ ነው የሄደችው።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ጋሽ ወርቁ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደወሉ። «ሁለት። ሁለት። ሁለት። ሁለት።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ልክ ልክ።»

ስልኩን ዘግቼ ደብተሩን አየሁ። ከ2.11 ወደ 2.00? ውሃ ጠጥቶ አብጦ ይሆን? እንደዚያ አድርጎ ይመለሳል? ነገ ወጥቼ አያለሁ አልኩ። ኪሩቤል ግን ስብሰባ ሊገባ ነው... ያነበባችሁትን ጻፉ። ራሴ ነኝ ያስተማርኩት። አራቱንም 2.00 ብዬ በቴሌግራም ላክሁለት። ከሥሩ ምንም አልጻፍኩም።

«አመሰግናለሁ፣ መልካም ዜና ነው» ብሎ መለሰ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ችካሎቹ ሥር ያለው አፈር አዲስ ነው። ቀለሙ በመዶሻ ተልጧል። ከእያንዳንዱ አጠገብ የድሮው ጉድጓድ አለ፣ ውሃ አቁሯል።

ጋሽ ወርቁ አልካዱም።

«ቅዳሜ ነቀልኩት። እሑድ መለስኩት።»

«ለምን ነቀሉት?»

«ቀይ ችካል የማውቀው የወንድሜ ማሳ ላይ ነው። መንገድ ይወጣል ተብሎ ተተከለ፣ በዓመቱ ማሳው የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ልጅህ መሬታችንን አስለካችብን አለኝ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አጠገቤ የሚቆም ጠፋ።»

«ታዲያ ለምን መለሱት?»

«ልጄ ከሱባኤ ስትመጣ ምን ልበላት? ሁለት ሜትር ነው ብላኛለች። በገመድ ለክቼ፣ ፀጉር እንኳ ሳላዛንፍ ነው የመለስኩት። ሜትርሽን አምጪና እይው።»

አየሁት። እውነታቸውን ነው። ሁለት ሜትር ልክ።

ከዚያ ከድሮው ጉድጓድ እስከ ድሮው ጉድጓድ ለካሁ። ሦስት ቁጥር 2.19። ጋሽ ወርቁ የሜትሩን ሌላ ጫፍ ይዘውልኝ ነበር። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ዞረው ወደ ቤታቸው ጣሪያ ተመለከቱ።

ኪሩቤል ጋ ደወልኩ።

«ስብሰባው እኮ አለቀ። መሬቱ ቆሟል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተፈረመ። ድንኳኖቹ ለሌላ ቀበሌ ተጽፈዋል፣ ዛሬ ጠዋት ተጫኑ።»

«ልኬቱ ስህተት ነበር።»

«አንቺ ነሽ እኮ የላክሽው።»

እኔ ነኝ። ቀጣዩ ስብሰባ ከፍልሰታ በኋላ ነው አለኝ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ለልጆቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። የላክሁትን መልእክትም አሳየኋቸው። ሐረገወይን ከሱባኤ ተመልሳ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ኢዮብ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው? ጋሽ ወርቁ በትክክል ለኩ። አንቺም የተነገረሽን ጻፍሽ።»

በእረፍት ሰዓት ሰሌዳው ላይ፣ ከደንቡ ሥር፣ አንድ መስመር ተጨምሮ አገኘሁ፦ «መጀመሪያ ችካሉን እዩ።» የሐረገወይን የእጅ ጽሑፍ ነው። አላጠፋሁትም።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ካምፑ ተዘጋ። የምስክር ወረቀት ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሳን። ሦስት ቁጥር 2.31። በድሮዎቹ ጉድጓዶች ላይ አዲስ ችካል ተክለናል።

ሐረገወይን ስትሰናበተኝ ሌላ ነገር ነገረችኝ። የቤታቸው በር ከመቃኑ ጋር አልገጥም ብሏል። «አባቴ እንጨቱ አብጦ ነው ብሎ በመጥረቢያ ጠረበው። በነጋታውም አልገጠመም።»

ወደ ቤቴ፣ ደብረ ብርሃን፣ ልመለስ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። ፈታሁት።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ቡሄ። ከጠዋት ጀምሮ የጅራፍ ጩኸት ከየጉብታው ይሰማል። ጉሎ አምባ ስደርስ ግን የሚያጮህ ልጅ የለም። ጋሽ ወርቁ ከልክለዋል። «መሬቱን እንዳያስደነግጡት» አሉኝ፣ እንደ ቀልድ አድርገው። ጅራፍ መሬት አያንቀሳቅስም ልላቸው አልኩና ተውኩት።

2.44። የምንጩ ውሃ ደፍርሷል፤ ሴቶቹ ከወንዝ እየቀዱ ነው። በደብረ ሲና በኩል ሰማዩ ጥቁር ነው።

አንድ ነገር ግን አየሁ። በማሾ ማሳው ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ዘጠኝ አዳዲስ ችካሎች። ቀይ። ማሾው አበባ ላይ ነው፤ ችካሎቹ ከአበባው መሃል ይታያሉ።

«ቀለሙን ከየት አመጡት?»

«የእናንተው ትራፊ ነው። ቆርቆሮውን ጥላችሁት ሄዳችሁ አልነበር? ስንጥቁ ወደ ታች ከወረደ በዚህ ይታወቃል ብዬ ነው።»

ጎረቤቶቹም እየመጡ ቁጥሩን ይጠይቋቸዋል። ትናንት ሁለት ቤተሰብ ዘመድ ጋ ወርዷል።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ጾሙ ተፈታ። ሐረገወይንና እናቷ ከተማ ወርደው አክስቷ ቤት ናቸው። ከአሥራ አንዱ ቤት ሰው ያለበት ስድስት። ጋሽ ወርቁ አልወረዱም።

«ለምን አይወርዱም?»

«ማን ይለካል?»

«እኔ በየቀኑ እመጣለሁ።»

«አንቺ እስክትደርሺ ረፋድ ይሆናል። የማለዳውን አይርሱ ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። ሰኞ ቁጥር ከሌለ እነዚያ ደግሞ ቆሟል ይላሉ። ጎረቤቶቼም ወርቁ ካለ ምን አለ እያሉ ነው የተቀመጡት...»

የመጨረሻዋን ሲሉ ድምፃቸው ወረደ። ሁለታችንም ሰማናት።

ልኬቱን ይተዉ ብላቸው ይወርዱ ይሆናል፣ እሳቸው ከወረዱ አምስቱም ቤት ይወርዳል። ግን ያለ ቁጥር ኮሚቴው ለአሥራ አንድ አባወራ መጠለያ ይሰጣል? ካልሰጠስ፣ በዘመድ ቤት ስንት ቀን ይቀመጣሉ? ወደዚያው በር ይመለሳሉ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

2.63። አንድ ሰዓት ላይ ደወሉ። ከማሳው ችካሎች ላይኛው ሁለቱ ዘመዋል።

ለኪሩቤል ላክሁለት። በዚህኛው ከቁጥሩ ሥር ጻፍኩ፦ ትናንት ችካሎቹን ራሴ አይቻለሁ፣ ቦታቸው ላይ ናቸው፣ በሩ አይዘጋም፣ ምንጩ ደፍርሷል። አንብቦታል። «ሰኞ አቀርበዋለሁ» አለኝ። ከሰኞ በፊት አይቻልም ወይ አልኩት። ፈራሚዎቹ አልተመለሱም፣ በዓል ነው አለኝ።

ለጋሽ ወርቁም ደወልኩ። ነገ ማለዳ ወጥቼ አብረን እንደምንለካ፣ ከዚያ ደብተሩን ይዘን አብረን እንደምንወርድ ነገርኳቸው። ሰኞም ቁጥሩን በአፋቸው ለኮሚቴው እንዲናገሩ። ከስልኩ ወዲያ ዝናቡ ይሰማኛል።

«ስትመጪ እናየዋለን» አሉኝ።

ኮሚቴው ሰኞ፣ ነሐሴ 19፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል።